የዓሣ አጥማጆች መንገድ፦ ለጡረተኛ ጉልበት ይሆናል?

ጡረታ ወጥቼ ሊዝበን ከገባሁ ወዲህ እግሬን የማፍታታው በቡድን የእግር ጉዞ ነው። እስካሁን ካየኋቸው የወደድኩት በደቡብ ምዕራብ ፖርቱጋል ጠረፍ ያለውን «የዓሣ አጥማጆች መንገድ» ነው፤ በተለይ ከአልሞግራቭ እስከ ዛምቡዤይራ ዱ ማር ያለውን ክፍል። 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አስጎብኚው ድርጅት «ቀላል» ብሎ ነው የሸጠልን። ምኑ ቀላል! አሸዋው እግር ይውጣል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ምርኩዝ ይያዝ። ጥላም እምብዛም የለም፤ ኮፍያና ብዙ ውሃ ያዙ።

በመንገዱ ላይ ካቦ ሳርዳው የሚባለው የባሕር ገደል ጋ ሲደረስ ግን ድካሙ ይረሳል። ነጭ ሽመላዎች ባሕር ውስጥ በቆሙ ቋጥኞች ጫፍ ላይ ጎጆ ሠርተዋል። ማዕበሉ ከሥር ይጋጫል፣ እነሱ ምንም አይመስላቸውም። በሚያዝያና በግንቦት ከሄዳችሁ ጫጩቶችም ታያላችሁ። ሽመላ በባሕር ገደል ላይ ሲራባ ማየት ሌላ ቦታ አይገኝም ይባላል። አጠገቡ በፈረንጆቹ 1915 ሥራ የጀመረ፣ ለመርከቦች የሚያበራ የመብራት ማማ አለ። ማማው ባሕሩን ትቶ በየብሱ በኩል ነው የቆመው፤ ፕላኑን ገልብጠው ሠርተውት ነው ይላሉ።

መሪያችን ጎበዝ ልጅ ናት፤ ኋላ የቀረነውን ሽማግሌዎች ሳትነጫነጭ ትጠብቃለች። ምሳው ግን ወድቋል። ጾም ላይ ነኝ ብዬ አስቀድሜ ብነግራቸውም የአይብ ሳንድዊች ሰጡኝ! ደግነቱ ቆሎ ይዤ ነበር፤ ጀርመኖቹ ጓደኞቼም ተሻሙበት።

መንገዱ በአረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ምልክት ስለተደረገበት ያለ መሪም ይኬዳል። እኔ ግን ለጨዋታው ስል ከቡድን ጋር መክፈሉን እመርጣለሁ።