አራት አንቴና በአንድ ኬብል፦ ሪሞት አንቴና ስዊች ከዓመት በኋላ

ሪሞት አንቴና ስዊች፣ ማለትም አማተር ሬዲዮ የሚጠቀም ሰው ቤት ሆኖ ውጭ ካሉት አንቴናዎች አንዱን የሚመርጥበት መሣሪያ፣ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኬብል ለመቆጠብ ብሎ ነው። እኔም ለዚያው ነበር። አራት አንቴና ካላችሁ አራት ኮአክስ (የአንቴና ኬብል) ከጓሮ ወደ ቤት መሳብ ሊኖርባችሁ ነው። ግድግዳውም በዚያው ልክ ይበሳል። ባለቤቴ ደግሞ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ «በቃ!» ብላለች። ዓመት ከተጠቀምኩበት በኋላ ግን የኬብሉ ነገር ትንሹ ጥቅም ሆኖ አገኘሁት። ትልቁ ጥቅም ሁለት አንቴናዎችን በአንድ ቅጽበት ማወዳደር መቻሉ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጓሮው ሰፊ የሚባል አይደለም። ለ40 ሜትር ባንድ (የሞገድ ክልል) አንድ ዳይፖል፣ ማለትም ኬብሉ መሃሉ ላይ የሚገናኝ አግድም ሽቦ፣ ለ20 ሜትር ሌላ ዳይፖል፣ አንድ ቨርቲካል (ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና)፣ እንዲሁም ኬብሉ ከመሃል ሳይሆን ከጫፉ የሚገናኘው አንድ ረጅም ሽቦ አለኝ። ሬዲዮዬ 100 ዋት ነው።

ዕቃው ሁለት ሳጥን ነው። አንዱ ባለአራት ቦታ ማዞሪያ ያለው ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ሪሌዎቹን (በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱትን መቀያየሪያዎች) ይዞ ውጭ አንቴናዎቹ አጠገብ ይሰቀላል። የኔው ዓይነት የተለየ የመቆጣጠሪያ ሽቦ አይፈልግም። ሪሌዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ በዚያው ኮአክስ ውስጥ ከሬዲዮው ሞገድ ጋር አብሮ ይሄዳል። ምንም ቮልቴጅ ከሌለ አንቴና 1 ነው። ፖዘቲቭ 12 ቮልት ሲላክ 2፣ ኔጋቲቭ ሲላክ 3፣ ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ሲላክ ደግሞ 4። ውጭ ያሉት ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ) የመጣውን ለይተው ትክክለኛውን ሪሌ ያስነሳሉ። ይህን ያሰበው ሰው እጁ ይባረክ።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገር ይከተላል። መብራት ከጠፋ ስዊቹ ወደ 1 ይመለሳል። ስለዚህ ቁጥር 1 ላይ መቀመጥ ያለበት በክፉ ቀን የምትፈልጉት አንቴና ነው። እኔ ረጅሙን ሽቦ አድርጌዋለሁ፣ ብዙ ባንድ ስለሚሸፍን። ሁለተኛው፣ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል የሚገባ ነገር ሁሉ ዲሲም (እንደ ባትሪ ያለ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ኤሲም ማሳለፍ አለበት። ስለዚህ የኤስ ደብሊው አር መለኪያውና (ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው) ቱነሩ (አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር የሚያጣጥመው) ከሬዲዮው እስከ ጠረጴዛው ሳጥን ባለው መንገድ ላይ ይሁኑ። አንዳንድ የመብረቅ መከላከያዎች ውስጣቸው ካፓሲተር ስላለ መቆጣጠሪያውን ቮልቴጅ ያግዱታል። ስትገዙ ዲሲ የሚያሳልፈውን ዓይነት ጠይቁ።

ገጠማው አንድ ቅዳሜ በላ። የበላው ሪሌው ሳይሆን ውኃ መከላከሉ ነው። የውጩን ሳጥን ኮኔክተሮቹ ወደ ታች እንዲያዩ አድርጌ ሰቀልኩት። እያንዳንዱ ኮኔክተር መጀመሪያ እርስ በርሱ በሚጣበቀው የጎማ ቴፕ፣ ከላዩ በጥቁር ናስትሮ ተጠቀለለ። ኬብሉ ሳጥኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይመለሳል፤ የዝናቡ ውኃ እዚያ ጎባጣው ላይ ይንጠባጠባል። ሳጥኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ግን እንዳትደፍኗት። ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት የሚወጣው በእሷ ነው። ነፍሳት እንዳይገቡ ቀጭን ወንፊት ለጥፌባታለሁ።

መሬት ማያያዙን በቀላሉ አትለፉት። ሳጥኑ ሥር የተቀበረው ዘንግ ከቤቱ ኤሌክትሪክ የመሬት ዘንግ ጋር መያያዝ አለበት። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ለዚህ ማያያዣ ቢያንስ ቁጥር 6 የመዳብ ሽቦ ይላል። ያም ሆኖ ስዊች መብረቅ ያስቆማል ብሎ መተኛት የለም። ሰማዩ ሲጠቁር ኬብሉን ከቤት ውጭ እነቅላለሁ።

አንድ ኬብል ብቻ ስለሆነ ጥሩውን መግዛት ይቻላል። በ28 ሜጋኸርዝ 30 ሜትር አርጂ 8 ኤክስ የሚባለው ቀጭን ኬብል ወደ 2 ዴሲቤል (የኃይል ልዩነት መለኪያ) ይበላል። ከ100 ዋት አንቴናው ጋ የሚደርሰው 63 ገደማ ነው ማለት ነው። ወፍራሙ ኤልኤምአር 400 ከሆነ 85 ገደማ ይደርሳል። በአራት ቀጭን ኬብል ፈንታ አንድ ወፍራም መሳብ ያዋጣል።

አሁን ወደ ማወዳደሩ። አጭር ሞገድ ላይ የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ያዳመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ድምፁ ይሄዳል፣ ይመጣል። ኬብል ነቅላችሁ ሌላ እስክትሰኩ ሞገዱ ራሱ ተለውጦ ይጠብቃችኋል። «ይኼኛው አንቴና ይሻላል» የምንለው ግማሹ ግምት ነው። ማዞሪያው ግን በሰከንድ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ አንድ ጣቢያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሦስቴ ትቀያይራላችሁ።

እኔ ቨርቲካሉን ስንቄው ነበር የኖርኩት። ምክንያቱም ጩኸት ያበዛል። ማታ በ40 ሜትር ቨርቲካሉንና ዳይፖሉን ሳቀያይር ታሪኩ ሌላ ሆነ። ኦሃዮና ካሮላይና ላሉ ጣቢያዎች ዳይፖሉ በግልጽ ይበልጣል። ቁመቱ 10 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዚህ ባንድ ጉልበቱን በአብዛኛው ወደ ላይ ነው የሚልከው፤ ለቅርብ የሚስማማ። የአውሮፓ ጣቢያ ሲመጣ ግን ቨርቲካሉ አንዳንዴ አንድ ኤስ ነጥብ (በሬዲዮው የሲግናል መለኪያ ላይ አንድ ደረጃ) ሙሉ ይበልጣል፣ 6 ዴሲቤል መሆኑ ነው። ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ለመላክ ቨርቲካሉን፣ ለማዳመጥ ዳይፖሉን የምመርጥበት ምሽት አለ። ይህን በማንበብ አውቀው ነበር። በጆሮዬ ስሰማው ነው ያመንኩት።

የ20 ሜትሩን ዳይፖል የሰቀልኩት ጎኑ፣ ማለትም አብልጦ የሚያሰራጭበት አቅጣጫ፣ ወደ አገር ቤት እንዲያይ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ የአዲስ አበባ አቅጣጫ ከሰሜን 66 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ርቀቱም 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል። ከምሥራቅ አፍሪካ የሚመጡትን ሳቀያይር ዳይፖሉ ብዙውን ጊዜ ያሸንፋል። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አየር ላይ ብቅ ሲል እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ቁጥር ነው።

ቅሬታም አለኝ። ከሳጥኑ ጋር የመጡት ዳዶና ሮንዴላዎች አንድ ክረምት ሳያልፋቸው ዛጉ። በማይዝግ ብረት ተክቻቸዋለሁ፤ ዋጋው ሳንቲም ነው፤ አምራቹ ለምን እንደቆጠበው አይገባኝም። የማዞሪያው ሳጥን የትኛው አንቴና ላይ እንዳለ የሚናገር መብራት የለውም። እያሰራጫችሁ ማዞሪያውን ብትነኩትም የሚከለክል ነገር የለም። ሪሌ ኃይል ተሸክሞ ሲቀያየር ውስጡ ያለው የመገናኛ ነጥብ ይቃጠላል። በተለይ ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት የመላላኪያ ዘዴ) ላይ ኮምፒውተሩ በ15 ሰከንድ ተራ ራሱ ስለሚያሰራጭ ሰዓቱን አይታችሁ ንኩ።

ብርዱ ሲበረታ ቁጥር 3 አልፎ አልፎ ይደነቁር ጀመር። ጣቢያው ሁሉ ድክም ይላል። ለሰከንድ ሳሰራጭ ግን ወዲያው ይነቃል። ይህ የታወቀ የሪሌ ጠባይ ነው። ነጥቦቹ ላይ ስስ ሽፋን ሲፈጠር የመቀበያው ደካማ ሲግናል አይሰብረውም፤ የማሰራጫው ኃይል ይሰብረዋል። አሁን ከማዳመጤ በፊት አንድ አጭር ምልክት እልካለሁ፤ ቀድሜ ፍሪኩዌንሲው ባዶ መሆኑን አረጋግጬ።

ስዊቹ አንቴናዎቹን እርስ በርስ መለየቱም ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። 28 ሜጋኸርዝ ላይ፣ አንዱን አንቴና ነቅዬ ባዶ የቀረውን ቦታ መርጬ እንኳ የሰፈሩን ጠንካራ ጣቢያ እሰማዋለሁ። ለአንድ ሬዲዮ ግድ የለም። የ6 ሜትር (50 ሜጋኸርዝ ገደማ) አንቴናም አታያይዙበት፤ የኔው የተሠራው እስከ 30 ሜጋኸርዝ ነው።

ሁለት አንቴና ብቻ ላለው ሰው የእጅ ስዊች ይበቃዋል። አገር ቤት፣ አውሮፓ ወይም ገልፍ ያላችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የስዊቹን ትራንስፎርመር እዩ። የአሜሪካው የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። ቁጥር 4 ኤሲ ስለሚፈልግ በባትሪ ብቻም አይሠራም። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ የተለየ የመቆጣጠሪያ ሽቦ ያለው ዓይነት ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሪሌ የራሱ ሽቦ ስላለው 12 ቮልት ባትሪ ይበቃዋል። ርቀቱ አጭር ከሆነ ለሽቦው የኮምፒውተር ኔትወርክ ኬብል ይሆናል፤ ስምንት ገመድ አለው።