ለሱቅ ታፔላ፦ ወፍራም ክብ ፎንት ወይስ የብራና መልክ ያለው?

በድሬዳዋ ከዚራም ሆነ መጋላ ሱቅ የሚከፍት ሰው ታፔላ ሲያሠራ ከሁለት ዓይነት ፎንቶች አንዱን መምረጥ ይኖርበታል፤ አንደኛው ጫፉ የተድቦለቦለና ውፍረቱ እኩል የሆነ ሲሆን ሁለተኛው የብራና ጽሕፈትን ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚከተል ነው።

ታይነት፦ ክቡ በባጃጅ ለሚያልፍ ሰውም ከሩቅ ይነበባል። የብራናው ቀጫጭን መስመሮች ግን ፀሐይ ቀለሙን ሲያደበዝዘው ቀድመው ይጠፋሉ።

ስሕተት፦ የክቡ ፎንት ትልቁ ሥጋት እዚህ ላይ ነው። «ቤ»ን ከ«ቢ» የምትለየው እግሩ ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ስለሆነች፣ ፊደሉ ከመጠን በላይ ሲወፍር ቀዳዳዋ ይደፈንና «ምግብ ቤት» የሚለው «ምግብ ቢት» መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን በትንሽ መጠን አሳትሞ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ራቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ብራናው በዚህ በኩል አያሳስብም።

አሠራር፦ ስቲከር ላይ ሹል ጫፍ ቀድሞ ስለሚላቀቅ ክቡ ይሻላል።

ዋጋ፦ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የብራና መልክ ያለው ፎንት በነጻ ይገኛል። ጥሩ ክብ ፎንት ግን ብዙውን ጊዜ ፈቃዱ መገዛት አለበት፤ ጫፉ ባይድቦለቦልም ነጻ የሆነው የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወፍራም ዓይነት ሊተካው ይችላል።

ተስማሚነት፦ ከአማርኛው ጎን ኦሮምኛና ሶማልኛ በላቲን ፊደል ለሚጻፍበት ታፔላ፣ ለጭማቂ ቤትና ለልጆች ልብስ ክቡን እመርጣለሁ። ለጌጣጌጥ፣ ለባህል ልብስ ወይም ገዢው በእጁ ይዞ ለሚያነበው የሐረር ቡና ማሸጊያ ግን የብራናው ይስማማል።