ጅማ ውስጥ ኑዛዜ ለማሠራት፦ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የራስ እጅ ወይስ ጠበቃ?

ጅማ ላይ ኑዛዜ አስቦ የሚነሳ ሰው ወይ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ይሄዳል፣ ወይ ራሱ ይጽፋል፣ ወይ ጠበቃ ቢሮ ያንኳኳል። ቤት፣ ልጅና የትዳር ጓደኛ ላለው ሰው የምንመክረው ሦስተኛውን ነው። ነገር ግን የጠበቃ ክፍያ የሚገባው ጠበቃው እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት ካርታና የጋብቻ ሰነድ ሲያገላብጥ ነው። የሚነግሩትን ብቻ ተቀብሎ የሚያስተይብ ከሆነ፣ ያው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው።

ማመልከቻ ጸሐፊው ፈጣንና ርካሽ ነው፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚጽፍ ማግኘት አይከብድም። ጣጣው ፎርሙ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 881 በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ ጥብቅ ሥርዓት አስቀምጧል። ተናዛዡና 4 ምስክሮች ባሉበት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ኑዛዜው ላይ ይጻፋል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም ጣታቸውን ያትማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ይህ ኑዛዜ ከላይ በተጻፈው ቀን፣ አራታችንም ምስክሮች በአንድነት ባለንበት፣ ለተናዛዡ ተነብቦ ቃሌ ነው ብለው ሲፈርሙ አይተን ፈርመናል።» ይህች ከቀረች አራት ፊርማ ቢደረደርም ተቃዋሚ ወራሽ ኑዛዜውን ለመጣል መንገድ አገኘ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ሥራ ስለያዛቸው ወረቀቱን ከቤት ቤት አዙሮ ማስፈረምም እንዲሁ ያፈርሰዋል፤ ሕጉ የሚፈልገው በአንድ ላይ መገኘትን ነው።

ምስክር ሲመረጥ ቋንቋም ይታይ። ምስክሩ የኑዛዜውን ቃል ራሱ ሰምቶ ወይም አንብቦ መረዳት አለበት። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው በአንድ ሰፈር በሚኖርበት ከተማ፣ አማርኛው የማይገባቸውን ደግ ጎረቤት በአክብሮት ጠርቶ ማስፈረም በኋላ ለክርክር በር ይከፍታል። ከኑዛዜው ተጠቃሚ የሆነ ሰውም ምስክር ባይሆን ይሻላል፤ ፍርድ ቤት የተተወለትን ሊቀንስበት ወይም ሊሰርዝበት ይችላል።

በራስ እጅ የሚጻፈው ምስክር አይፈልግም፤ ለብቻው ለሚኖርና ንብረቱ ላልተወሳሰበ ሰው መጥፎ አይደለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ኮምፒውተር ቤት አስተይቦ መፈረም በራስ እጅ መጻፍ አይባልም። ደግሞም በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ዋጋ የሚያጡት በዚህ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው የሚናዘዙትም ዋጋ የለውም፤ ለየብቻ ይጻፍ። አልጋ ላይ ሆኖ ለ2 ምስክሮች የሚነገር የቃል ኑዛዜ ደግሞ ለቀብር አፈጻጸም፣ ለትንንሽ ልጆች ሞግዚት ለመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው፤ ተናዛዡ ከ3 ወር በላይ ከኖረም ይቀራል። «አባባ ቤቱን ለእኔ ብለው ነበር» የሚል ሙግት ቤት አያስገኝም።

ጠበቃ ዘንድ ስንመጣ፣ ጎበዙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትዳር ነው። በሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ባሏን፣ ባልም ሚስቱን አይወርስም። በሕይወት የሚተርፈው የትዳር ጓደኛ የጋራ ንብረቱን ግማሽ ይወስዳል፤ የሟች ግማሽ ለልጆቹ እኩል ይከፋፈላል፣ ልጅ ከሌለ ወደ ሟች ወላጆች ይሄዳል። ሂርማታ ላይ በትዳር ውስጥ የተሠራ ቤት አለ እንበል፤ ባልየው ከቀድሞ ትዳር ልጅ አላቸው። ሳይናዘዙ ቢሞቱ እመት ሚስት ከእንጀራ ልጃቸው ጋር የአንድ ቤት ባለድርሻ ይሆናሉ፤ ልጁ ድርሻዬን ካለ ቤቱ እስከ ሐራጅ ሊደርስ ይችላል። እዚህ ጋ የጋብቻው ቀን፣ ካርታው የወጣበት ቀንና ግንባታው የተጀመረበት ጊዜ ውጤቱን ይለውጡታል። የተገላቢጦሹ ስህተት ሙሉውን ቤት መናዘዝ ነው፤ የሚስት ግማሽ በባል ኑዛዜ አይተላለፍም።

ሁለተኛው ጥያቄ መሬት ነው። ማና ወይም ጎማ ቡና ያለው የጅማ ነዋሪ ብዙ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው፤ ለማን እንደሚተላለፍም የገጠር መሬት ሕጉ ይወስናል እንጂ ተናዛዡ እንደ ከተማ ቤት ለፈለገው አይሰጠውም። ቤቱንና የቡና ማሳውን በአንድ አንቀጽ ጠቅልሎ «ለእገሌ ሰጥቻለሁ» የሚል ረቂቅ ያቀረበ ጠበቃ ሥራውን አልሠራም።

ሦስተኛው፣ ቤተሰቡ ወደየትኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል የሚለው ነው። ሙስሊም ቤተሰብ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከፈቀዱ ውርሱን በሸሪዓ ፍርድ ቤት መጨረስ ይችላል። በሸሪዓ ኑዛዜ ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልተስማሙ በቀር ለወራሽም አይናዘዝም፤ ባሏ ልጅ ትቶ ከሞተ ሚስት ስምንተኛ አላት። ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስትን ለመጠበቅ የተጻፈው ኑዛዜ በሸሪዓ ላይቆም ይችላል። ይህን ሳያነሳ የሚያረቅ ጠበቃ ለጅማ ደንበኛ ጎዶሎ ምክር ነው የሚሰጠው።

ከሁሉ በላይ ጠበቃ የሚፈተነው «ቤቱን ከአሁኑ በልጄ ስም ላዙረው» ሲባል ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ አይጸናም (ቁጥር 2443)። ከጸና ደግሞ እንደ ኑዛዜ ባሰኙ ጊዜ የሚሻር አይደለም። ኑዛዜ እስከ ዕለተ ሞት ይለወጣል። እናት በስጦታ ሰጥታ በራሷ ቤት እንግዳ የምትሆነው ይህን ልዩነት የሚነግራት ስታጣ ነው፤ ቢያንስ እስክትሞት የመኖር መብቷ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ልጅን ከውርስ መንቀልም ምክንያቱ ኑዛዜው ላይ ካልተጻፈ አይሠራም። ጡረታ ውርስ ውስጥ አይገባም፤ የሕይወት ኢንሹራንስም ተጠቃሚው በስም ከተጠቀሰ እንዲሁ፤ ስለዚህ የኢንሹራንሱ ቅጽ ላይ የማን ስም እንዳለ ማየት ይበቃል።

ክፍያ ከመስማማት በፊት የጥብቅና ፈቃዱን ጠይቆ ማየት ነውር የለበትም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሰነድ ምርመራው፣ ምስክሮች ፊት ማስነበቡ፣ ውልና ማስረጃ ማስመዝገቡና ወደ አፋን ኦሮሞ ትርጉሙ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተታቸው ተለይቶ ይጻፍ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳይካተቱ ቀርተው በኋላ ሌላ ክፍያ ሲመጣ ነው ቅሬታ የሚነሳው። አቅም ለሌለው ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ሄዶ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኑዛዜው ሲያልቅ ውርስ አጣሪ፣ ማለትም ንብረቱንና ዕዳውን ለይቶ ውርሱን የሚያስፈጽም ሰው፣ በስም ተጠቅሶ ዋናው ቅጂ የት እንደተቀመጠ ይነገረው። የብድር ወረቀቶችና የዕዳ ዝርዝር አብረው ይቀመጡ፤ ከውርሱ መጀመሪያ የሚወጣው የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የአጣሪነት ወጪ፣ ከዚያ ዕዳ ስለሆነ፣ በኑዛዜ የተሰጠው ነገር የሚደርሰው ከእነዚህ ከተረፈው ነው። ወራሾችም ንብረቱን ሌላ ሰው እንደያዘው ባወቁ በ3 ዓመት ውስጥ ካልከሰሱ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ማለፍ) እንደሚያግዳቸው አሁኑኑ ይነገራቸው።