መገናኛ አካባቢ ያለው የቮልት ወንበር፤ ምቾቱም ወሬውም

በኤሌክትሪክ ጤና ይሰጣል ተብሎ የሚሸጠው ወንበር ይመቻል። ይህን አስቀድሜ ልበል፤ ኋላ የምለው ለጠብ እንዳይመስልብኝ።

ቤቱ መገናኛ አካባቢ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሲያሰኘው ነው የሚሠራው። እናቴና የዕድር ጓደኞቿ ጠዋት ጠዋት እዚያ ናቸው። ሰፋፊ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ከእግር ሥር የጎማ ንጣፍ አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ማለት ነው፤ ለሙከራ በነፃ። ልጆቹ ትሑት ናቸው። «እማማ ይቀመጡ፣ እማማ ውኃ ይጠጡ» ማለት አይሰለቻቸውም። ጨዋታው ደግሞ የደራ ነው። እናቴ ጉልበቷን ረስታ እየሳቀች ስትወጣ አይቻለሁ። ለመስተንግዶው ሙሉ ማርክ።

እኔን የወሰደኝ ግን አንድ ወረቀት ነው። «ነጭ የደም ሴሎችን ያነቃቃል፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያሳድጋል» ይላል። ሥራዬ ሆስፒታል ላብራቶሪ፣ ደም ክፍል ነው። ነጭ ሴል ስቆጥር የምውል ሰው ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ዕቃው ከግድግዳ 220 ቮልት ይወስድና ወደ ሺዎች ቮልት ያሳድገዋል። ከረንቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ አይነዝርም። ጎማው ከመሬት ይለያችኋል፣ ዙሪያችሁን የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። ልጁ ቴስተር አውጥቶ የእናቴ ክንድ አጠገብ ሲያደርሰው መብራቱ ቦግ አለ። «ወይ ጉድ!» አሉ ሴቶቹ። እኔም ስቀመጥ የክንዴ ፀጉር ሲርገበገብ ተሰማኝ። ኤሌክትሪኩ አለ፣ ውሸት የለውም። ጥያቄው ከቆዳ ወዲያ ምን ይሠራል ነው።

ብዙም አይሠራም። ሰውነታችን ጨዋማ ውኃ ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በዚህ ምክንያት የ50 ሄርዝ መስክ (በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ማለት ነው) ከውጭ ሲመጣ ቆዳ ላይ ይቀራል። ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከመቶ ሺህ አንድ፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን አንድ እጅ ነው።

ሻጩ ግን ቀላል ሰው አይደለም። «እህቴ፣ ሴሎች ኤሌክትሪክ እንደሚከተሉ ሳይንስ አረጋግጧል» አለኝ። እውነቱን ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ሰውነት ራሱ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ በአንድ ሚሊሜትር 100 ሚሊቮልት አካባቢ። ተመራማሪው ሚን ዣውና ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ሴሎች ይህን ምልክት ይዘው ወደ ቁስሉ እንደሚጓዙ አሳይተዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ቲ ሴሎችም (የነጭ ደም ሴል ዓይነት ናቸው) ወደ ኔጌቲቩ ጫፍ ሲሄዱ ታይተዋል። እኔ በበኩሌ ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ በጣም ከሚገርሙኝ አንዱ ነው። ነገር ግን ያ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው። የወንበሩ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ሴሉ ምስኪን ወዴት ይሂድ? ሰውነት ውስጥ የሚደርሰው መጠንም ከቁስሉ አንጻር ከሺህ አንድ አይሞላም። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ (ቀስ ብሎ የሚመላለስ) መስክ በበሽታ መከላከያ ሴሎች ላይ ያለውን ተጽዕኖ የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ገምግሞት ነበር። ውጤቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም ነው ያለው። ጃፓን እንዲህ ያለውን ወንበር በ1963 እ.ኤ.አ. ፈቅዳለች፤ ለራስ ምታት፣ ለትከሻ መያዝ፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለሆድ ድርቀት ማስታገሻ። ነጭ ሴል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ያናደደኝ ግን ማይክሮስኮፑ ነው። ከጣት ጠብታ ደም ወስደው ስክሪን ላይ ያሳያሉ። ከወንበሩ በፊት ቀይ ሴሎቹ እንደ ሳንቲም ተደራርበዋል። «አዩ እማማ፣ ደምዎ ተጣብቋል!» ከወንበሩ በኋላ ሌላ ጠብታ፤ ሴሎቹ ተበታትነው ይዋኛሉ። ጭብጨባ። እኔ ስክሪኑን ትቼ የልጁን እጅ ነበር የማየው። መጀመሪያ ያሳየን ጠብታው የወፈረበትን መሃሉን ነው። ሁለተኛው ላይ ወደ ስሱ ጠርዝ ገፋው። የጤነኛ ሰው ደም ሁሉ የወፈረበት ቦታ ላይ ይደራረባል፣ ሲሳሳ ይለያያል። «ወንድሜ፣ እስቲ ወደ መሃል መልሰው» አልኩት። መለሰው። ተደራርቧል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ጠፋ።

ደግሞስ ነጭ ሴል ቢጨምር ምኑ ነው ደስታው? በማይክሮ ሊትር ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ጤነኛ ይባላል። ኢንፌክሽን ሲኖር ይጨምራል፣ በደም ካንሰርም ይጨምራል፣ ደረጃ ሮጦ የወጣ ሰውም ላይ ይጨምራል። እኛ አገር ደግሞ ብዙ ጤነኛ ሰው ኒውትሮፊሉ (አንዱ የነጭ ሴል ዓይነት) በተፈጥሮው ከመጽሐፉ ቁጥር ዝቅ ይላል፤ በዘር የመጣ እንጂ በሽታ አይደለም። «ነጭ ሴልዎ አንሷል» ተብሎ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ማውጣት ግፍ ነው። ወንበሩ የሚሸጠው በዚያ ዋጋ ነው።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ልብ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) የተተከለለት ሰው እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም። እኔ በቆየሁበት ሰዓት ማንንም ሲጠይቁ አልሰማሁም፣ በሩ ላይም የተለጠፈ ነገር የለም። ሌላውን ሁሉ ብተወው ይህን አልተውም፤ ለኃላፊው ነግሬያለሁ።

እናቴ አሁንም ትሄዳለች፣ አልከለክላትም። የግፊት ኪኒኗን ትዋጥ፣ ቦርሳዋን ቤት ትተው።