ከከሸፈ ጌም የተረፈው ስላክ

የሥራ ባልደረቦች መልእክት የሚለዋወጡበትን ስላክ የተባለ መተግበሪያ በየቀኑ ከፍተው ከሚውሉት ብዙዎቹ መነሻው ጌም መሆኑን አያውቁም። ታይኒ ስፔክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ግሊች የተሰኘ የኦንላይን ጌም ለቀቀ። በቂ ተጫዋች ስላላገኘ በ2012 መጨረሻ ዘጋው። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ለመነጋገር የሠሩት መሣሪያ ግን ተረፈ፤ እሱ ነው በ2014 ስላክ ሆኖ ለሁሉም የተከፈተው።

«ጌም መሰል» የቢሮ ሶፍትዌር ሲባል የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ፣ ባጅና የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። አዲስነቱ ሲያልቅ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስላክ ሠራተኛን በነጥብ አያወዳድርም። ከጌም የወሰደው ሌላ ነገር ነው፦ ለነኩት ሁሉ ወዲያው መልስ መስጠትን።

ወደ አንድ ቻናል፣ ማለትም ወደ አንድ የጋራ መወያያ ክፍል፣ ለመሄድ ኮንትሮልን (Ctrl) ይዘው ኬን (K) ይጫኑ (ማክ ላይ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ)፣ ከቻናሉ ስም ሁለት ሦስት ፊደል ይጻፉ፣ ኢንተር። ማውዝ ሳይነኩ ደረሱ። ጀማሪው በግራ ካለው ዝርዝር እየመረጠ ይሠራል፣ የለመደው በኪቦርድ ይከንፋል፤ አንዱ ለሌላው እንቅፋት አይሆንም። የኪቦርድ አቋራጮቹን ዝርዝር ኮንትሮልና ስላሽ (/) ያወጣዋል። በጣም ጠቃሚው ግን ብዙም የማይታወቀው ነው፦ አልት ይዘው አንድ መልእክት ላይ ክሊክ ካደረጉ፣ ከዚያ ጀምሮ ያለው ያልተነበበ ሆኖ ይመለሳል። አሁን መልስ ለማይሰጡበት መልእክት ጥሩ ማስታወሻ ነው።

ምልክቶቹም ሁለት እርከን አላቸው። ቻናል ውስጥ አዲስ ነገር ከገባ ስሙ ይደምቃል፤ በስምዎ ከተጠሩ ወይም በግል ከተጻፈልዎ ቁጥር ያለበት ቀይ ምልክት ይወጣል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አለቃው ለምሳ ሰዓት ለውጥ ሳይቀር መላውን ቻናል በአት (@) ምልክት ሲጠራ፣ ቀዩ ትርጉም ያጣል፤ ሰውም አስቸኳዩን ከተራው ጋር መዝለል ይለምዳል። ስላክ ትልቅ ቻናል ላይ ከመላክዎ በፊት ስንት ሰው እንደሚጠሩ ይነግርዎታል፤ ሳያነቡ «ላክ» የሚለውን ለሚጫን ግን ምን ይደረጋል?

መፍትሔው በእጅዎ ነው። ጫጫታ የበዛባቸውን ቻናሎች ሚዩት ያድርጉ። የኖቲፊኬሽን ምርጫውን ከ«ሁሉም አዲስ መልእክት» ወደ «የግል መልእክትና ስሜ ሲጠራ» ይቀይሩ፣ የሥራ ሰዓትዎንም ያስገቡ።

ደካማው ክፍል ትሬድ፣ ማለትም በአንድ መልእክት ሥር ለብቻው የሚካሄደው ውይይት ነው። በትሬድ የተሰጠ መልስ ዋናው ቻናል ላይ በሙሉ አይታይም፤ ውሳኔ እዚያ ተቀብሮ ይቀራል። ከመላክዎ በፊት መልሱን ወደ ቻናሉም የሚልከውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ነፃው ስሪት ደግሞ ከ90 ቀን በላይ የቆየ መልእክት አያሳይም፤ ስለዚህ የውልና የዋጋ ስምምነት ዕለቱኑ ወደ ሰነድ ይገልበጥ።