የእህቴን ሕመም ከሥሩ ላገኘችው ሲስተር ምስጋና፣ ለወላድ እናቶችም ስለ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ጥቆማ

ይህን ምስጋና የምጽፈው በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ በአእምሮ ጤና ክፍል ለምትሠራ ነርስ ነው። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ብላ ስሟ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀችኝ፣ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ። ታናሽ እህቴም «አንዲት እናት ብትጠቀምበት» ብላ ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

እህቴ የበኩር ልጇን በሰላም ተገላገለች። የልጁ ክርስትና ካለፈ በኋላ ግን እንቅልፍ ራቃት። ሕፃኑ ተኝቶ እሷ ዓይኗ ፈጦ ታድራለች፤ ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ በትንሽ በትልቁ ትቆጣለች፣ እየበላች ትከሳለች። ሁላችንም የአዲስ እናት ጭንቀት ነው አልን። ከጥቂት ወራት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ከሰው መሸሽ ጀመረች። ልጇን እያጠባች ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ምን ሆንሽ ሲሏት «ምንም» ትላለች፤ ሲመሽ ታለቅሳለች። በዚያ ላይ ብርዱ፤ በቀትር ፀሐይ እንኳ ጋቢ ደርባ ከእሳት ዳር አትነሣም። ደብረ ብርሃን ላይ በረደኝ የሚልን ሰው ደግሞ ማን ልብ ይለዋል? እናታችን የአራስ ብርድ መታት አሉ፤ ጎረቤት ዓይን ነው አለ፤ ባለቤቷ ጠበል ወሰዳት። አንድ ክሊኒክ ድካም ነው ብሎ ቪታሚን ሰጥቶ መለሳት።

ሲስተር ዘንድ የሄድነው በጎረቤታችን ጥቆማ ነው። መጀመሪያ ሁላችንንም በትሕትና አስወጣችና ከእህቴ ጋር ብቻዋን ተቀመጠች። ያለፈውን ሳምንት ስሜቷን የሚመለከቱ 10 ጥያቄዎች ጠየቀቻት። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶባት እንደሆነም በግልጽ ጠየቀቻት። እህቴ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ታነሣዋለች፤ ያለ ቁጣና ያለ ድንጋጤ የጠየቃት ሰው እሷ ብቻ ነበረችና።

እኔን ያስደነቀኝ የቀጠለው ነው። ወደ ውስጥ ስንጠራ ሲስተር የእህቴን እጅ አንጓ ይዛ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ሳትነቅል የልብ ምቷን እየቆጠረች ነበር። ዝግ ያለ ነው አለች። የተሰነጣጠቀውን ተረከዟን ዳሰሰች። ፀጉርሽ ይነቀላል ወይ? ሆድሽ ይደርቃል ወይ? ድምፅሽ እንዲህ የጎረነነው መቼ ነው? ከዚያ ውኃ አምጥታ እያስጎነጨቻት ስትውጥ አንገቷን በጣቶቿ ዳበሰች። በመጨረሻ ወደ ባለቤቷ ዞራ «ከዚህ በፊት የዚህ ተቃራኒ የሆነችበት ጊዜ ነበር?» አለችው። ያን ጊዜ ነው የእንቅልፍ ማጣቱና የልብ ምቱ ወሬ የወጣው። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁለቱን ነገር ያገናኘልን አልነበረም።

ሲስተር ያስረዳችንን በተቻለኝ መጠን ላስተላልፍ። ታይሮይድ በአንገታችን ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ዕጢ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን የምድጃን እሳት እንደመቆስቆስ ነው፤ ሲበዛ ሰውነት ይነዳል፣ ሲያንስ ይቀዘቅዛል። ሲበዛ ልብ ይመታል፣ ጭንቀትና ንጭንጭ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሲያንስ አንጀትም፣ ልብም፣ አእምሮም አብረው ይዘገያሉ፤ ትዝታ ይደክማል፣ ፍላጎት ይሞታል፣ ሰው በድብርት ይዋጣል። በእርግዝና ወቅት ረገብ ብሎ የቆየው የሰውነት መከላከያ ከወሊድ በኋላ ሲበረታ፣ በአንዳንድ እናቶች ላይ ዞሮ ይህችኑ ዕጢ ያጠቃል። መጀመሪያ በዕጢዋ ውስጥ የተከማቸው ሆርሞን ወደ ደም ይፈስሳል፤ ክምችቱ ሲያልቅ ደግሞ እጥረት ይከተላል። ከ100 ወላዶች ወደ 5 የሚሆኑትን የሚያገኝ፣ ከወሊድ በኋላ ባለው 1 ዓመት ውስጥ የሚታይ ሕመም ነው። ብዙዎቹ ይድናሉ፤ አንዳንዶቹ ግን እጥረቱ ዘላቂ ይሆንባቸዋል። አንገት ላይ እንቅርት መታየቱም ግዴታ አይደለም፤ የእህቴ አንገት ምንም አላበጠም ነበር። አዮዲን ያለው ጨው ጨምሩላት ያሉንም ነበሩ። አዮዲን ለቤተሰብ ሁሉ የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለውን ሕመም ግን ጨው አያድነውም።

የታይሮይድና የአእምሮ ጤና ግንኙነት አዲስ ግኝት አለመሆኑንም ያወቅሁት በዚሁ አጋጣሚ ነው። ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1949 እ.ኤ.አ. አእምሯቸው ታውኮ የነበሩ 14 የታይሮይድ እጥረት ሕሙማንን ታሪክ አሳትሞ፣ አብዛኞቹ በታይሮይድ መድኃኒት እንደዳኑ አስረድቷል። ይህን ያህል ዘመን የታወቀ ነገር እኛ ቤት በብርድና በዓይን ስም ወራት መፍጀቱ ያንገበግበኛል።

ምርመራው ጤና ጣቢያው ውስጥ ስለማይሠራ ሲስተር ወረቀት ጽፋ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ላከችን። የጠየቀችው ቲኤስኤች የተባለውንና ራሱን የታይሮይድ ሆርሞን ነው። ቲኤስኤች አንጎል ሥር ካለች ሌላ ዕጢ የሚመነጭ፣ ታይሮይድን «ሥሪ» የሚል መልእክት ነው። ውጤቱ ሲመጣ ትእዛዙ በጣም ከፍ፣ ሆርሞኑ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። በሆስፒታል ያያት የውስጥ ደዌ ሐኪም ሌቮታይሮክሲን የተባለ፣ የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ ኪኒን አዘዘላት።

ሲስተር ግን ወረቀት ጽፌያለሁ ብላ አልተወችንም። «ሆርሞኑ ጎደለ ማለት ድብርቱ ውሸት ነው ማለት አይደለም» ብላ የምክር ቀጠሮዋን ቀጠለች። ኪኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ በንጹሕ ውኃ እንደሚዋጥ፣ ቁርስና ቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መቆየት እንዳለባቸው ያስረዳችው ለእናታችን ነበር፤ ቡናውን የምታፈላው እሷ ናትና። እህቴ ለደም ማነስ የምትወስደው የብረት ኪኒን ደግሞ ከዚህኛው በ4 ሰዓት መራቅ ነበረበት፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ጡት ማጥባቱን አትከልክሏት አለች። ጠበሉንም እንዲሁ፤ «ትጠመቅ፣ ትጸልይ፤ ኪኒኑን ብቻ አታቋርጥ» ነው ያለችን። አማቻችንንም ሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑን እንዲያባብል አዘዘችው፤ ይኸው እስከ አሁን ይነሣል።

ለውጡ በአንድ ሳምንት አልመጣም። ደሟ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ እየታየ የመድኃኒቱ መጠን ተስተካከለ። መጀመሪያ ብርዱ ለቀቃት። ስሜቷ ቆይቶ ነው የተከተለው። አንድ ቅዳሜ ከገበያ በመጣ ሽንኩርት ዋጋ ላይ ከባለቤቷ ጋር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትከራከር ሰማኋት፤ እናቴ ከጓዳ ሆነው «ተመስገን» አሉ።

አደራ፣ ድብርት ሁሉ ከታይሮይድ ነው ብላችሁ እንዳትነሡ፤ የአብዛኛው ሰው ድብርት ከዚህ ጋር አይገናኝም። ለአእምሮ ሕመም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይህን አንብቦ እንዳያቋርጥ። ነገር ግን ድብርቱ ከብርድ መፍራት፣ ከሆድ ድርቀት፣ ከፀጉር መነቀል ወይም ያለ ምክንያት ከመወፈር ጋር ከመጣ፣ በተለይም ከወሊድ በኋላ ከሆነ፣ ታይሮይድ ይመርመር ብላችሁ ጠይቁ። ሊቲየም የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ዘመድ ያላችሁም አስታውሱ፤ መድኃኒቱ ይህችን ዕጢ ሊያዳክም ስለሚችል በየጊዜው መታየት አለባት።

ሲስተር፣ እህቴን ሙሉ ሰው አድርገሽ ስላየሻት እግዚአብሔር ይስጥልን። እጅሽ ይባረክ።

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ የጤና ጣቢያውን ስም በውስጥ መስመር ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ካርድ አውጥታችሁ የአእምሮ ጤና ክፍል በሉ፤ የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ፣ የብረቱንም ጭምር፣ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ በአንድ ታየዋለች።