ለወሎ ተራራ የንፋስ መለኪያ ስትገዙ፦ ማስት፣ ሶዳር ወይስ ሊዳር?

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ መለኪያ ለመግዛት ያሰቡ ልጆች «የቱ ይሻላል» እያሉ ይጠይቁኛል፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ቦታው ሜዳ ነው ወይስ ገደላ ገደል የሚለውን ነው፣ መልሱ ያለው እዛ ላይ ነው።

ማስት ያው በሽቦ የተወጠረ ረጅም ፖል ነው፣ አኒሞሜትሩ (የንፋስ ፍጥነት መለኪያው) በተለያየ ከፍታ ይታሰርበታል፣ ጉም አያስቆመውም፣ በትንሽ ሶላር ይሰራል። ችግሩ ከፍታው ላይ ነው። 10 ሜትር ላይ 5 ሜትር በሰከንድ ለክታችሁ 80 ሜትር ላይ ስንት ይሆናል ብላችሁ በተለመደው 0.143 (ንፋሱ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሳየው የከፍታ ሬሾ ፓወር) ብታሰሉ 6.7 ይመጣል፣ 0.25 ካላችሁ ግን 8.4 ይሆናል፣ ጉልበቱ ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ስለሚያድግ በሁለቱ መሀል እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ አጭር ፖል ተክሎ የላዩን መገመት በጭራሽ አልመክርም፣ ቢያንስ ሶስት ከፍታ ላይ ለኩ።

ሶዳር በድምፅ ነው የሚለካው፣ ከሊዳር ይረክሳል፣ ግን አስፋልት ዳር ጩኸቱ፣ ተራራ ስር ደግሞ የገደል ማሚቶው ያበላሸዋል፣ ገደሉ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ የሚመለሰው ድምፅ «ንፋስ የለም» ብሎ ፍጥነቱን ወደ ታች ይጎትተዋል። ለኛ አገር አይሆንም ባይ ነኝ።

ሊዳር በሌዘር እስከ 200 ሜትርና ከዛም በላይ በየከፍታው ያነብላችኋል፣ ቆንጆ ነገር ነው፣ ግን ውድ ነው፣ የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ዳታው ይቆራረጣል፣ ደግሞ ጨረሮቹ ወደ ጎን ተበትነው ስለሚወጡ ንፋሱ በሁሉም በኩል አንድ ነው ብሎ ነው የሚያሰላው፣ ሸንተረር ላይ ይሄ አይሰራም። በጀት ካላችሁ ማስቱን ግዙ፣ ሊዳሩን ለጥቂት ወራት ተከራይታችሁ አጠገቡ አቁሙትና አስተያዩ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሶፍትዌሩን ነው። ዳታው ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ማለስለስ የግድ ነው፣ ግን እንዴት? ሙቪንግ አቬሬጅ (ተከታታይ ንባቦችን እየሰበሰቡ አማካይ መውሰድ) ቀላል ነው፣ አንድ የተሳሳተ ንባብ ግን ጎረቤቶቹን ሁሉ ይዞ ይነሳል፣ ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ ያለው ንባብ) እሱን ጥሎት ያልፋል፣ እኔ መጀመሪያ ሚዲያን ከዛ ቀለል ያለ አቬሬጅ ነው የምጠቀመው። መስኮቱን፣ ማለትም አንድ ላይ የምታለሰልሱትን የጊዜ ርዝመት፣ አታስፉት። የቦርከና ሸለቆ ላይ ቀን ሽቅብ ይነፍስ የነበረው ንፋስ ማታ ቁልቁል ሲዞር ቶሎ ነው፣ በ3 ሰዓት ርዝመት መስኮት ካለሰለሳችሁት ያቺ መዞሪያ ትጠፋለች። በከፍታም እንደዛው ነው፣ 40 ሜትር ላይ ያለውን ለውጥ ከ100ው ጋር አቀላቅላችሁ አታጥፉት።

አቅጣጫ ላይማ ተጠንቀቁ! አንድ ጊዜ ከሻጩ ጋር የመጣው ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ የደቡብ ንፋስ ነበር አለኝ፣ ጥሬውን ከፍቼ ሳይ 350 እና 10 ዲግሪ እየተፈራረቀ ነው፣ ሰሜን ማለት ነው፣ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል 180 ሆኖበት ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን አቅጣጫ ወደ ምስራቅ ምን ያህል፣ ወደ ሰሜን ምን ያህል ብሎ ለሁለት ከፍሎ ነው አማካይ የሚወሰደው። ብር ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ራሳችሁ አስገቡና ሞክሩት፣ ጥሬ ዳታውንም እንደሚሰጣችሁ አረጋግጡ፣ የለሰለሰውን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አትግዙት።